የላላ ሌንስ

በሞስኮ አጠገብ በክራስኖጎርስክ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የተሠራችው ዜኒት-ኢ የፊልም ካሜራ፣ ሄሊዮስ የተባለው ባለ 58 ሚሊሜትር ሌንሷ በዘመን ብዛት ላልቶ ሲወዛወዝ፣ ብዙ ሰው መስታወቱ የተበላሸ መስሎት ተስፋ ይቆርጣል፤ ነገር ግን ሕመሟ አብዛኛውን ጊዜ የማተኮሪያውን ቀለበት የያዙት 3 ጥቃቅን ብሎኖች መላላት ነውና፣ አፉ የቀጠነ ካቻቢቴና ታጋሽ እጅ ይፈውሷታል። ይሁን እንጂ፣ ከማጥበቅ አስቀድሞ፣ ሌንሱን ወደ ሩቅ ተራራ አቅንቶ፣ የተራራው ጫፍ በማያው ውስጥ ጥርት ብሎ ሲታይ፣ በቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን የመጨረሻ ርቀት ምልክት ከመስመሩ ጋር ማስማማት ይገባል፤ ይህ ካልሆነ በቀለበቱ ላይ የተጻፈው የርቀት ቁጥር ሁሉ ሐሰት ይሆናል። ከጥገናው ሁሉ እኔ እጅግ የማከብረው ይህን በአንክሮ የሚፈጸም ክፍል ነው። እንግዲህ የአባታችሁ ካሜራ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ እንደሆነ፣ ሳትጥሉት ለባለሙያ አሳዩልኝ።