ውኃ ቀጂዋ እናት ራስዋ አትጠማ
(ስለ ሆድ ድርቀትና ስለ ሆድ መነፋት ለእናቶችና ለቤተ ሰብ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ብዙ ሰው ለመናገር ስለሚያፍርበት፥ ነገር ግን በየቤቱ ስላለ ችግር ነው። ይኸውም የሆድ ድርቀትና የሆድ መነፋት ነው። እናቶች ወደ ጤና ኬላ ሲመጡ ስለ ልጃቸው ትኩሳት፥ ስለ ሳሉና ስለ ክትባቱ በግልጥ ይነግሩናል። ስለ ራሳቸው ሆድ ስንጠይቃቸው ግን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ጠጋ አድርገው «እሱማ ያው ነው» ብለው ዝም ይላሉ። ሕመም ስለ ታፈረበት አይድንም። ሆድም እንደ ዓይንና እንደ ጥርስ አንድ የአካል ክፍል ነውና እናንተ ሳታፍሩ ጠይቁን፤ እኛም በግልጥ እንናገራለን።

በመጀመሪያ ድርቀት ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ሰው ሁሉ በየቀኑ ለዓይነ ምድር መውጣት አለበት የሚባለው ትክክል አይደለም። አንዱ በቀን ሁለት ጊዜ፥ ሌላው በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ይወጣል፤ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ድርቀት የምንለው በሳምንት ከ3 ጊዜ በታች ሲሆን፥ ወይም ዓይነ ምድሩ እንደ ፍየል በጠጥ ደርቆ በብዙ ማማጥ ሲወጣ፥ ወይም ከወጡ በኋላ «አላለቀልኝም» የሚል ስሜት ሲቀር ነው።

ታዲያ ይህ ከምን ይመጣል? የበላነው ምግብ ከጨጓራ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። ሰውነታችንም ምግቡን ለማላላት ብዙ ፈሳሽ ያፈስበታል። የምንጠጣውና ሰውነት የሚያመነጨው ሲደመር በቀን ወደ 9 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ በአንጀት ውስጥ ያልፋል። አብዛኛውን ትንሹ አንጀት መልሶ ይመጥጠዋል። ከዚያ አንድ ሊትር ወይም አንድ ሊትር ተኩል ያህል ወደ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። ትልቁ አንጀት ደግሞ ከዚህ ላይ ውኃውን እየመጠጠ ለሰውነት ይመልሳል፤ ከዓይነ ምድር ጋር የሚወጣው ከአንድ ትንሽ የሻይ ብርጭቆ ብዙ አይበልጥም። ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ግን ከየትም ፈልጎ መተካት አለበትና ትልቁ አንጀት የመጨረሻዋን ጠብታ ሳይቀር ይመጥጣል። የቀረው እንደ ደረቀ ጭቃ ይጠነክራል። በቆየም ቁጥር ይበልጥ ይደርቃል።

የሆድ መነፋትም ብዙ ጊዜ የዚሁ ተከታይ ነው። በትልቁ አንጀት ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይኖራሉ፤ ሊጥ በቡሖ ዕቃ ውስጥ ኩፍ እንደሚል፥ እነዚህም የምግቡን ትራፊ ሲያብላሉት አየር ይወጣል። መንገዱ ክፍት ከሆነ አየሩ ይወጣል። ዓይነ ምድር ደርቆ መንገዱን ሲይዝ ግን አየሩ ይታመቃል፤ ሆድ ይወጠራል፤ መቀነትም ይጠብቃል። ምግብ ያስጠላል። ብዙ እናት ይህን ጊዜ «ምቀኛ ዓይን ነው» ወይም «ብርድ ነው» ትላለች፤ እውነተኛው ምክንያት ግን ባዶው የውኃ ኩባያ ሊሆን ይችላል።

እስቲ አሁን የአንዲት የገጠር እናት ቀን ምን እንደሚመስል እንመልከት። ሌሊት ተነሥታ ትፈጫለች ወይም እሳት ታነዳለች። ጎሕ ሲቀድ ወደ ምንጭ ትወርዳለች። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ያንን በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ትወጣለች፤ ላብዋም ይንጠፈጠፋል። ቤት ስትደርስ ውኃው ይከፋፈላል። ለሊጡ፥ ለወጡ፥ ለቡናው፥ ለጥጃው፥ ለልጆች መታጠቢያ፥ ከእርሻ ለሚመለሰው አባወራ። ለራስዋስ? ለራስዋ የሚተርፍ ካለ ነው። ሁለት ስኒ ቡና ጠጥታ ትውላለች።

ሁለተኛም ምክንያት አለ፤ ይህን እናቶች ያውቁታል፥ አባቶች ግን ላያስቡት ይችላሉ። መጸዳጃ ጉድጓድ በሌለበት ቤት ሴት ልጅ ቀን በሜዳ መቀመጥ ታፍራለች። ስለዚህ እስኪመሽ ትይዘዋለች። ቶሎ ቶሎ እንዳያስወጣትም ውኃ ከመጠጣት ትቆጠባለች። የተያዘ ዓይነ ምድር ደግሞ ይደርቃል፥ ሲደርቅ ያማል፥ ሲያም ይፈራል፥ ሲፈራ እንደገና ይያዛል። በብዙ ማማጥ የተነሣ ኪንታሮት ይወጣል፤ ፊንጢጣም ይሰነጠቅና ደም ይታያል። ሽንት በመያዝና ውኃ ባለመጠጣት የሽንት ቧንቧ ሕመምም ይከተላል። እንግዲህ ውኃ ጠጪ ብለን ለእናት ብቻ ብንነግራትና ጉድጓዱን የሚቆፍርላት ካጣን ምክራችን ግማሽ ምክር ነው።

አሁን ምን ይደረግ ወደሚለው እንለፍ።

1ኛ/ ውኃ በልክ መጠጣት። ለአዋቂ ሴት በቀን 2 ሊትር ያህል፥ ማለት ሩብ ሊትር በሚይዝ ኩባያ 8 ኩባያ ጥሩ መነሻ ነው። ሲነቁ 2፥ ውኃ ለመቅዳት ሲሄዱ 1፥ ሲመለሱ 1፥ በምሳ ጊዜ 2፥ ከሥራ በኋላ 1፥ በራት ጊዜ 1። የምታጠባ እናት ሌላ 3 ኩባያ ይጨመርላት፤ ወተቱ የሚሠራው ከእርስዋ ውኃ ነውና። በቆላ አገርና በአጨዳ ወራት ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስፈልጋል። አስቡት፤ 2 ሊትር ማለት ከዚያ ተሸክማ ካመጣችው ጀሪካን አንድ አሥረኛው ነው። ለተሸካሚዋ አንድ አሥረኛ በዛባት እንዴ? መጠኑ መድረሱን በሽንት ማወቅ ይቻላል። ሽንት እንደ ገለባ ነጣ ብሎ ቢጫ ከሆነ ውኃው በቅቷል፤ እንደ ጠላ ከጠቆረ ግን ሰውነት ተጠምቷል። ከልክ በላይ መጠጣት ግን የተለየ ጥቅም አይሰጥም። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮበት ሐኪም ውኃ እንዲቀንስ ያዘዘው ሰው ትእዛዙን ይከተል።

ቡናስ? ቡና ጉዳት የለውም፤ በውስጡም ውኃ አለ። ነገር ግን በስኒ የሚጠጣ ትንሽ ነገር ነውና የውኃን ቦታ አይሞላም። አረቄ ደግሞ ሰውነትን ያደርቃል እንጂ ጥም አይቆርጥም።

2ኛ/ የሚጠጣው ውኃ ንጹሕ ይሁን። ድርቀትን ሸሽቶ ተቅማጥ መግባት ከእሳት ወደ ረመጥ ነው። የደፈረሰ ውኃ ይጥለል፤ በንጹሕ ነጠላም ይጣራ። ከዚያ ይፈላ፤ በደጋ አገር መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ከቸገረ ከጤና ኬላ ወይም ከሱቅ የሚገኘውን የውኃ ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ለመጠጥ የሚሆነው ውኃ አፉ ጠባብና ክዳን ባለው ዕቃ ለብቻው ይቀመጥ። እጅ አይግባበት፤ እየተንቆረቆረ ወይም እጀታ ባለው መቅጃ ይቀዳ።

3ኛ/ ገለባነት ያለው ምግብ ከውኃ ጋር መብላት። የጤፍ እንጀራ፥ የገብስ ቂጣ፥ ቅንጬ፥ ሽሮ፥ ምስር፥ ጎመን፥ ዱባ፥ ፓፓያ ሁሉ ዓይነ ምድርን ያበዛሉ፤ ውኃም ይዘው ያለሰልሱታል። ነገር ግን ውኃ ከሌለ እነዚሁ ራሳቸው ሆድ ይነፋሉ። ቆሎ ቆርጥሞና በሶ በልቶ ውኃ ሳይጠጡ መዋል ጭድ ያለ ውኃ ጭቃ አይሆንም እንደ ማለት ነው። ባቄላና ሽንብራ ሆድ የሚነፋው ሰው ሌሊቱን ዘፍዝፎ የተዘፈዘፈበትን ውኃ ደፍቶ በአዲስ ውኃ ይቀቅል። እናቶቻችን የሚያውቁት ተልባም መልካም ነው፤ ነገር ግን በብዙ ውኃ ተበጥብጦ ይጠጣ። በደረቁ ከተወሰደ ችግሩን ያብሳል።

4ኛ/ ሆድ ሲጠራ እሺ ማለት። ጠዋት ቁርስ ከተቀመሰ በኋላ አንጀት ራሱ ይንቀሳቀሳል። ያን ሰዓት ሥራ ቢበዛም አትለፉት። ቁጢጥ ብሎ መቀመጥም መንገዱን ስለሚያቀና የገጠሩ አቀማመጥ ጥሩ ነው። ከቤቱ ጓሮ፥ ከውኃ ምንጭ በታችና ራቅ ብሎ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ግድግዳና በር ይኑረው፤ ክዳንም ይደረግለት፤ በአጠገቡ እጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና ወይም አመድ ይቀመጥ። አባቶች፥ ይህ የእናንተ ድርሻ ነው። በጉድጓዱ ምክንያት ቤታችሁ ከዝንብና ከተቅማጥ ይጠበቃል፤ ሚስታችሁና ልጃገረዳችሁም እስኪመሽ ሆዳቸውን ይዘው አይውሉም።

በጾም ወራትስ ምን ይደረጋል የሚል ጥያቄ ይቀርብልናል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቀኑን ሳይጠጡ የሚውሉ፥ በረመዳንም የሚጾሙ፥ ከሚፈቀድበት ሰዓት አንሥቶ እስከ መኝታ ድረስ፥ በረመዳን ደግሞ እስከ ሱሑር፥ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ ከፍለው ይጠጡ። በአንድ ትንፋሽ ብዙ መገልበጥ ሆድ ይወጥራል እንጂ አይጠቅምም። ነፍሰ ጡር፥ የምታጠባና ሕመምተኛ ግን ከንስሐ አባታቸው ወይም ከሃይማኖት መሪያቸው ይማከሩ።

ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በእርግዝና ጊዜ አንጀት ዘገምተኛ ይሆናል። ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ክኒንም ያደርቃል፥ ዓይነ ምድርንም ያጠቁራል። ጥቁረቱ አያስፈራችሁ። ክኒኑን አትጣሉት፤ በወሊድ ጊዜ ደም ሲፈስ የሚያቆማችሁ እሱ የገነባው ደም ነው። ይልቅስ ውኃ፥ ጎመንና ፍራፍሬ ጨምሩ፤ ካልተቻለም መጥታችሁ ንገሩን።

ስለ ሕፃናትም እንናገር። እስከዚህ ድረስ ስለ ውኃ የተናገርነው ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን አይደለም! ለእርሱ ውኃውም ምግቡም የእናቱ ጡት ነው። ውኃ፥ ቅቤ፥ የአብሽ ውኃ፥ ምንም አይሰጠው። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ወር ተኩል ካለፈው በኋላ ብዙ ቀን ሳይወጣው ሊቆይ ይችላል፤ ሲወጣው ለስላሳ ከሆነና ደኅና ከጠባ ድርቀት አይደለም። አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን በሁለት ቀን ውስጥ ምንም ካልወጣው ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ከፍ ያለውን ልጅ ከምግብ በኋላ ሳትቆጡ አስቀምጡት፤ የተቆጡት ልጅ ይፈራል፤ የፈራ ልጅ ይይዛል።

ከጉዳት ተጠንቀቁ። በፊንጢጣ ሳሙና ወይም እንጨት መክተት አንጀትን ያቆስላል። ኮሶ የድርቀት መድኃኒት አይደለም፤ ነፍሰ ጡርንም ይጎዳል። የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሳይታዘዝ ደጋግሞ መውሰድም መልካም አይደለም።

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ግን ውኃና ተልባ ይቁም፤ ሕመምተኛው ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይሂድ። እነርሱም፤ ሆድ ተነፍቶ ዓይነ ምድርም አየርም ፈጽሞ ሲዘጋ፤ ይህን ተከትሎ ማስመለስና ብርቱ ቁርጠት ሲመጣ፤ ትኩሳት ሲኖር፤ ከዓይነ ምድር ጋር ደም ሲታይ፤ ያለ ምክንያት ክሳት ሲመጣ፤ በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ የሆድ ጠባይ በድንገት ሲለወጥ ናቸው። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ሕመም በአገራችን በብዙ የሚታይ ነው፤ በቶሎ ከተደረሰበት ሐኪም ይፈታዋል፤ በቤት ከዋለ ካደረ ግን የተጠማዘዘው አንጀት ደም አጥቶ ይሞታል፥ ሰውየውንም ይገድላል። «ይለቀው ይሆናል» ብሎ መጠበቅ አይገባም።

እንግዲህ ውድ ቤተ ሰቦች፤ ከዚህ ስብሰባ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ሁለት ነገር እንድትጀምሩ እንለምናችኋለን። አንደኛው፥ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ጀሪካኑ ሲወርድ የመጀመሪያው ንጹሕ ኩባያ ለተሸከመችው ይሰጣት፤ ልጆችም ይህን እንደ ሥርዓት ይልመዱት። ሁለተኛው፥ ጉድጓድ የሌለው ቤት በዚህ ሳምንት መቆፈሪያውን ያንሣ፤ ቦታውን ለመምረጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ጥሯቸው፥ እኛም እንመጣለን። የእናት ሆድ ደኅና ሲሆን ቤቱ ሁሉ ይበላል፥ ይጠጣል፥ ይሠራል።