ከሻንዶንግ የሚመጣው ነጭ ዱቄት



ለምግብ ማቀነባበሪያዎቻችን በ25 ኪሎ ከረጢት ታሽጎ ስለሚመጣ አንድ ነጭ ዱቄት ልናገር ነው፤ ስለ ሲትሪክ አሲድ። የሞሐ ለስላሳ መጠጦች ፋብሪካ በንፋስ ስልክ መኖሩን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚሁ ክፍለ ከተማችን ጭማቂ የሚያሽጉ፣ ማርማላታና ከረሜላ የሚሠሩ ትናንሽ ድርጅቶችም አሉ። በዓለም ዙሪያ በዚህ ሙያ የተሰማራ ሰው ለጎምዛዛ ጣዕም ሲል ሎሚ መጭመቅ ከተወ ቆይቷል።

ከመቶ ዓመት በፊት ግን ይህ አሲድ የሚወጣው ከሎሚ ነበር፤ ገበያውም በጣሊያን እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 ጄምስ ከሪ የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ጥቁር ሻጋታ ስኳር እየተመገበ ሲትሪክ አሲድ እንደሚሠራ በጥናት አሳየ። ፋይዘር ከሁለት ዓመት በኋላ በዚሁ መንገድ ማምረት ጀመረ። ዛሬ የዓለም ትልቋ አምራች ቻይና ናት። በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር የሚገኙት ኤንሳይንና አርዜድቢሲ የተባሉ ኩባንያዎች በቆሎን ወደ ስኳር ለውጠው፣ ስኳሩን ለሻጋታው ሰጥተው፣ ዱቄቱን በመርከብ ወደ አራቱም ማዕዘን ይልካሉ። የመንግሥት የሆነው ኮፍኮ ደግሞ በታይላንድም ፋብሪካ አለው።

ሀብታሞቹ አገሮች ይህን ንግድ የተቀበሉት በቀረጥ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ከገበያ ዋጋ በታች ተሽጧል በሚል ቀረጥ ጣለ፤ ጣሪያውም 42.7 በመቶ ደረሰ። አሜሪካ በ2009 ተከተለች። ዕቃው በማሌዥያ በኩል ዞሮ ሲገባ ኅብረቱ በ2016 ቀረጡን እስከዚያ ዘረጋው፤ አሜሪካም በ2018 ታይላንድን ጨመረች። ሁሉም የተሟገቱት ስለ ዋጋ ነው፤ የሚጠብቁት የራሳቸው ፋብሪካ ስላላቸው።

እኛ ዘንድ ጉዳዩ ሌላ ነው። ዋጋው ቢረክስ አምራቾቻችን ይጠቀማሉ፤ እኔም በርካሽነቱ አልከፋም። የምንጠብቀው የሰው ጤና ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልገን ምርመራ ነው። «ኬሚካል ነው» እያሉ መሸበርን አልደግፍም። ሻጋታው የሠራው ሲትሪክ አሲድ ሎሚ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው። የሚያሰጋኝ ለኢንዱስትሪ የተሠራው ዱቄት ለምግብ የተባለ መስሎ መሸጡ፣ መጠኑን ሳይመዝኑ በግምት መጨመሩ፣ አንዱን የምግብ ተጨማሪ ከሌላው ማደባለቁ ነው።

ስለ መደባለቁ ትንሽ ልቆይበት፤ ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነውና። ሶዲየም ቤንዞኤት፣ እንደ ሲትሪክ አሲዱ ሁሉ መጠጥ ውስጥ የሚገባ፣ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ማቆያ ነው። ቫይታሚን ሲ ካለበት መጠጥ ጋር ተገናኝቶ ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው ቤንዚን የተባለው የካንሰር መንስኤ በጥቂቱ ሊፈጠር ይችላል። መኪና ከምንሞላው ነዳጅ ጋር ስሙ ቢመሳሰልም ይህ ሌላ ነው። ሁለቱም ተጨማሪዎች ለየብቻቸው የተፈቀዱ ናቸው። ስለዚህ መጠጡን የሚቀምመው ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ ሱቅ ደጃፍ ላይ ፀሐይ የሚመታው የጠርሙስ ሳጥንም የደህንነት ጉዳይ ይሆናል።

ቻይና ራሷ የምርመራን አስፈላጊነት የተማረችው በመከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሜላሚን የተቀላቀለበት የሕፃናት ወተት ወደ 300,000 የሚጠጉ ልጆችን ጎድቶ ስድስቱን ገደለ፤ በማግሥቱ ዓመትም አዲስ የምግብ ደህንነት ሕግ አወጣች። ላኪ ኩባንያ አውሮፓዊ ገዢ ሲጠይቀው የምርመራ ሰነድ ያቀርባል። እኛስ የማንጠይቀው ለምንድን ነው? አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብ ቁጥጥርን ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል፤ ሆኖም ባለሥልጣኑ እያንዳንዱን ከረጢት መክፈት አይችልም።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል አምራች የሆናችሁ፣ ከነገ ጀምሮ ነጋዴውን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የአምራቹን ስም፣ የምርት ተራ ቁጥሩን፣ የዚያኑ ቁጥር የምርመራ ውጤት። ከረጢቱ ላይ ያለው ቁጥርና ሰነዱ ላይ ያለው ካልተመሳሰሉ ዕቃውን መጋዘናችሁ አታስገቡ።