ለበጎ አድራጎት የሚደረግ ውድድርና ቁማር

 

የዛሬው ርዕሳችን ለንደን ውስጥ ሆስፒታል ከምትሠራ እህታችን የመጣ ጥያቄ ነው። የሥራ ክፍሏ ለታመሙ ሕፃናት ገንዘብ ሊያሰባስብ አስቧል። በጂም ቤቶች እንደምናየው ባለበት ቆሞ የሚነዳ ብስክሌት አዳራሽ ውስጥ ይቀመጥና ሠራተኞች ተራ በተራ ይነዱታል። ዝግጅቱን እንድትመራ የተመረጠችው እርሷ ናት። የታቀደው ግን እያንዳንዱ ተወዳዳሪ 5 ፓውንድ እንዲያስገባ፣ ብዙ የነዳው የተሰበሰበውን ግማሽ እንዲወስድ፣ ቀሪው ለሕፃናቱ እንዲሰጥ ነው። «ሥራውን ልተወው ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ አትተዪው፤ አስተካክዪው። ሁሉም ከኪሱ አውጥቶ አንዱ የሚያተርፍበት ሌላው የሚከስርበት ውድድር ቁማር ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳህ 90ኛው አንቀጽ ከአስካሪ መጠጥ ጋር አንድ ላይ ከልክሎታል። ግማሹ ለሕፃናት መሄዱ ሌላውን ግማሽ ሐላል አያደርገውም። ይህንን ለአለቃሽ በትሕትና ብታስረጂ የሚቆጣ አይመስለኝም፤ ሌላ መንገድ ይዘሽ ቅረቢ እንጂ «ሐራም ነው» ብለሽ ብቻ አትውጪ።

ውድድር በራሱ ነውር የለበትም። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈረሶችን አወዳድረዋል። ለውድድር የተዘጋጁትን ከሐፍያእ እስከ ሰኒየተል ወዳዕ፣ ያልተዘጋጁትን ደግሞ ከሰኒየተል ወዳዕ እስከ በኒ ዙረይቅ መስጂድ ባለው አጠር ያለ ርቀት አስሮጠዋል። ለእንስሳት እንኳ እንደ አቅማቸው ከተለየላቸው፣ ወጣቱን ነርስና ጡረታ የደረሱትን የጽዳት ሠራተኛ በአንድ ሰሌዳ ማወዳደር ምን ይሉታል?

ስለዚህ አሸናፊ የሌለበት ይሁን። 24 ሰዎች እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ ቢነዱ ብስክሌቱ 8 ሰዓት ሙሉ ሳይቆም ይሠራል። እያንዳንዱ ነጂ አሥር ሰዎችን ለአንድ ደቂቃ አሥር ሳንቲም፣ ማለትም 10 ፔንስ፣ እንዲሰጡ ቃል ያስገባቸው። ከአንዱ ነጂ 20 ፓውንድ፣ ከሁሉም 480 ፓውንድ ይገኛል። ነጂው ምንም አይወስድም፤ ሰጪውም ገንዘቡን ለሕፃናቱ ከመስጠት በቀር የሚጠብቀው ትርፍ የለም፤ ከቁማር ጋር የሚያገናኘው ነገር አይኖርም። ድርጅቱ ከራሱ ሽልማት ልስጥ ቢል ዑለማዎች በዝርዝሩ ተለያይተዋል፤ የምስክር ወረቀት ብቻ ቢሆን ግን ከጥርጣሬ ያርቃል።

በኪሎ ሜትር ሳይሆን በደቂቃ ያልኩት በምክንያት ነው። የእነዚህ ብስክሌቶች ቆጣሪ እንደየሥሪታቸው ይለያያል፤ በእኩል ድካም አንዱ 8 ሌላው 10 ኪሎ ሜትር ሊያሳይ ይችላል። ሱረቱል ሙጠፊፊን የወረደችው በመለኪያ ስለሚያጭበረብሩ ሰዎች መሆኑን እናስታውስ። ደቂቃ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ስለ ራስሽ ደግሞ፦ በወንዶች ፊት መንዳት ግዴታሽ አይደለም። ለሴቶች የተለየ ክፍል ጠይቂ፤ ካልተገኘ ገንዘብ መዝጋቢ ሁኚ። ቀኑ አርብ ከሆነ ሰዓቱ ከጁሙዓ ጋር እንዳይጋጭ፣ ረመዷን ከሆነ ጾመኛ በቀን እንዳይነዳ አስቢበት። ወንበሩ እንደየቁመቱ ይስተካከል፤ የልብ ሕመም ያለበት ሐኪሙን ሳያማክር አይውጣ። ሰውነትም አማና ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በብሪታንያ ግብር ከፋይ የሆነ ሰው ለበጎ አድራጎት ድርጅት ከኪሱ ሲሰጥ፣ ጊፍት ኤይድ በሚባለው ሥርዓት መንግሥት በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ፔንስ ይጨምራል። ሰጪዎቹ ሁሉ ግብር ከፋይ ከሆኑ 480ው 600 ይሆናል ማለት ነው። ቅጹ ላይ የሰጪው ሙሉ ስምና የመኖሪያ ቤቱ አድራሻ መሞላት አለበት፤ የሥራ ቦታ አድራሻ አይበቃም። «ለበጎ ነገር ነው» እያለ ግብር የማይከፍለውን ሁሉ ምልክት የሚያስደርግ አለ። ይህ የሐሰት ምስክርነት ነው፤ ሕፃናቱንም አይጠቅምም።

ዘካችሁን ከዚህ መዋጮ ጋር አትቀላቅሉ። ዘካ በሱረቱ ተውባህ 60ኛው አንቀጽ ለተዘረዘሩት ስምንት ወገኖች ነው፤ ይህ ግን ሰደቃ ነው። «ብስክሌት ሳይነዳ በቀጥታ አይሰጥም ወይ?» የሚልም አይጠፋም። ይሰጣል፤ በድብቅ መስጠት የሚበልጥ መሆኑን ሱረቱል በቀራህ 271ኛው አንቀጽ ይነግረናል። ግን ያው አንቀጽ በይፋ መስጠትንም አወድሷል፤ ብቻውን ቢሆን የማይሰጠው ባልደረባሽ ሌሎች ሲሰጡ አይቶ ይሰጣል። ኒያሽን ከይዩልኝ ጠብቂ።

ቃል የተገባው ገንዘብ ከዝግጅቱ በኋላ በሳምንት ውስጥ ይሰብሰብ፤ ከቆየ ይረሳል። ሁለት ሰዎች አብረው ይቁጠሩት፣ ይፈርሙበት። ገንዘቡ ለአንድ ቀን እንኳ በግል ሒሳብሽ አይደር። የድርጅቱ ደረሰኝ ሲመጣ ነጂዎቹ ሁሉ እንዲያዩት አዳራሹ ግድግዳ ላይ ለጥፊው።