ነፍሰ ጡር እናት ሲጋራውን በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ብትለውጥ
(በወይጦ ለሰበካ ጉባኤያት አባላትና ለካህናት ከቀረበ ንግግር)



 ስለ ነፍሰ ጡር እናቶች አመጋገብና በጤና ጣቢያ ስለ መውለድ ጠዋት በሰፊው ተነግሯልና አልደግመውም። ለእኔ የተሰጠኝ ክፍል ስለ ትንባሆ ነው።

ከአንድ ጥያቄ ልነሣ። በመንገዱ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የምትሠራ፣ ሲጋራ የምታጨስ አንዲት እኅት ፀነሰች። መፅነሷን እንዳወቀች ሲጋራውን ለመተው አሰበች። በዚህ መካከል አንድ ሾፌር በባትሪ የሚሠራ፣ የፍራፍሬ ሽታ ያለው፣ በተለምዶ «ቬፕ» የሚባለውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ አመጣላት። «ይህ እንፋሎት ብቻ ነው፤ ጢስ የለውም፤ ልጁን አይነካም» አላት። እርስዋም ከሰበካ ጉባኤ አባላት አንዷን «እማማ፣ ይኸኛውስ ይሻል ይሆን?» ብላ ጠየቀች። ጉዳዩ ወደ ኮሚቴው በደረሰ ጊዜ ሐሳቡ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን «ሁሉም ያው ትንባሆ ነው፤ ትተው፤ ካልተወችም እኛ ምን እናድርጋት» አለ። ሁለተኛው ወገን «ጢስ ከሌለውማ እሰየው፤ በርቺ እንበላት» አለ። ስላልተስማሙ ጥያቄውን ወደ እኔ ላኩት። እኔም ጂንካ ከሚገኙ የጤና ባለሙያዎች ጋር ተነጋግሬ፣ የተጻፈውንም አንብቤ ለማጣራት ሞክሬአለሁ።

አስቀድሞ ነገሩን ለይተን እንወቅ። ሲጋራ በሚነድበት ጊዜ ከጢሱ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ በእናቲቱ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ የሚደርሰው ኦክስጅን ይቀንሳል። ሁለተኛው ኒኮቲን ነው። ኒኮቲን የደም ሥርን ያጠብባል፤ እንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ፅንሱ ይገባል፤ በመሠራት ላይ ያሉትን አንጎልና ሳንባ ይነካል። በዚህ ምክንያት የሚያጨሱ እናቶች ልጆች ያለ ቀናቸው የመወለድ፣ ክብደታቸው የማነስ፣ በማኅፀን ሳሉ የመሞት፣ ከተወለዱም በኋላ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በድንገት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ይላል። በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ውስጥ የሚነድ ቅጠል የለም። ባትሪው የሚያሞቀው ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ካርቦን ሞኖክሳይድና ከቃጠሎ የሚመጣው ዝፍት ከሞላ ጎደል ይቀራሉ። ኒኮቲኑ ግን አይቀርም። ሾፌሩ «ጢስ የለውም» ማለቱ እውነት ነው፤ «ልጁን አይነካም» ማለቱ ግን ሐሰት ነው።

በእንግሊዝና በስኮትላንድ የሚያጨሱ 1,140 ነፍሰ ጡር ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ለግማሾቹ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ለግማሾቹ ደግሞ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን ልጣፍ ተሰጣቸው። እስከ እርግዝናው ፍጻሜ ከሲጋራ ርቀው የቆዩት ኤሌክትሮኒኩን ከወሰዱት 6.8 በመቶ፣ ልጣፉን ከወሰዱት 4.4 በመቶ ነበሩ። ይህ ልዩነት ብቻውን በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው። ክብደታቸው ከ2,500 ግራም በታች ሆኖ የተወለዱት ሕፃናት ግን በመጀመሪያው ወገን 9.6፣ በሁለተኛው 14.8 በመቶ ነበሩ። በዚያ አገር ያሉ አዋላጆች፣ ሲጋራን በሌላ መንገድ መተው ያቃታትን ሴት ኤሌክትሮኒኩን ስለ ያዘች አይቈጧትም፤ ማጨሱን ከመቀጠል ይሻላል ይሏታል። ይህን የምናገረው እውነቱን ደብቀን ማስተማር ስለማይገባን ነው። ነገ ልጆቻችን በስልካቸው ያነቡታልና «ቤተ ክርስቲያን ዋሸችን» እንዲሉ አልፈልግም።

ነገር ግን ያ ምክር ከእንግሊዝ ተነሥቶ ወይጦ እስኪደርስ ድረስ በመንገድ የሚጥለው ብዙ ነው። በዚያ አገር የፈሳሹ ኒኮቲን በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ሕግ ይወስናል፤ ዕቃውም ይመዘገባል። አዋላጇ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል በትንሽ መሣሪያ አስተንፍሳ በእናቲቱ ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ትለካለች። ሴቲቱን በስልክ እየደወለ የሚያበረታታ አማካሪ አለ። በእኛ አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስገባትም ሆነ መሸጥ ይከለክላል። ስለዚህ ሾፌሩ ያመጣው ዕቃ በኮንትሮባንድ የገባ ነው፤ በማሸጊያው ላይ ስለ ኒኮቲኑ የተጻፈው ልክ እውነት መሆኑን ማንም አላረጋገጠውም። ፈሳሹን ሕፃን ቢጠጣው መርዝ ነው፤ በአንድ ክፍል ተጨናንቀን ለምንኖር ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ብዙ ሰው ኤሌክትሮኒኩን ሲይዝ ሲጋራውን ፈጽሞ አለመተዉ ነው። በሥራ ቦታ ይህን፣ ማታ ያንን ይላል። ለነፍሰ ጡር እንዲህ ማድረግ ለውጥ ሳይሆን ጭማሪ ነው።

እንግዲህ ለእኅታችን እንዲህ እንበላት ብዬ መልስ ሰጥቻለሁ፤ «ለመተው ማሰብሽ ትልቅ ነገር ነው። ይህ ዕቃ ጢሱን ቢያስቀርልሽም ኒኮቲኑን ወደ ልጅሽ ማድረሱን አይተውም፤ ውስጡ ያለውንም የመረመረው የለም። ሁለቱንም ተዪና ከእኛ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። እስከዚያ ድረስ ግን ወደ ሲጋራው አትመለሺ።» የመጨረሻውን ቃል አስተውሉልኝ። ኤሌክትሮኒኩን በቁጣ ነጥቀን ወደ ሲጋራው ብንመልሳት ልጁን የባሰ ጎዳነው ማለት ነው።

ጊዜውም ዋጋ አለው። እስከ 15ኛው ሳምንት ድረስ ማጨስ ያቆሙ እናቶች ያለ ቀን የመውለድም ሆነ ትንሽ ልጅ የመውለድ መጠናቸው ካላጨሱት ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ በኋላ ማቆምም ይጠቅማል፤ የዘገየች ሁሉ ተስፋ አትቁረጥ። ደግሞም በእርግዝና ጊዜ የሴት አካል ኒኮቲንን ከወትሮው ፈጥኖ ያስወግዳል፤ ስለዚህ አምሮቱ ቶሎ ቶሎ ይመለሳል። «ለልጇ እንኳ ማሰብ ያቃታት» ብለን ከመፍረዳችን በፊት ይህን እናስብ። አምሮቱ ሲነሣ ለጥቂት ደቂቃዎች በርትቶ ያልፋል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፣ ከሳምንታት በኋላ ይላላል። በነዚያ ሳምንታት አጠገቧ ሰው ያስፈልጋታል። ባሏ በቤት ውስጥ የሚያጨስ ከሆነ እርሱንም ከደጅ አውጡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ይህን ያህል የተናገርሁት ስለ ተጠየቅሁ ነው። በእውነቱ በእኛ አካባቢ «ጢስ የለውም» ተብሎ የሚታለፈው ትንባሆ በባትሪ የሚሠራው አይደለም፤ ቅጠሉ ነው። ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ፣ ቅዳሜ ዲመካ ገበያ የወጣ ሰው ከቅቤው፣ ከማሩና ከቀዩ አፈር ጎን የትንባሆ ቅጠል ተዘርግቶ ያያል። በአካባቢያችን ወንዱም ሴቱም ያኝከዋል፤ ሱረት አድርጎም ይስበዋል። እናቶች ስለ ትንባሆ ሲጠየቁ «አላጨስም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ጠያቂው የጠየቀው ስለ ማጨስ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው ጥናት ትንባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 1.8 በመቶ ብቻ መሆናቸው ተገልጿል። ይህ ቁጥር የአገር አማካይ ነው። እኛ የምናገለግለው ግን በበና ፀማይ እንጂ በአማካዩ ውስጥ አይደለም።

ቅጠሉ በእርግዝና ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ከሕንድ ጥሩ ማስረጃ አለ። በሙምባይ 1,217 ነፍሰ ጡር ሴቶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ ጢስ የሌለውን ትንባሆ የሚጠቀሙ እናቶች ልጆች ክብደት በአማካይ 105 ግራም የቀነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ ያለ ቀን መውለድም በእነርሱ ዘንድ በዝቶ ተገኝቷል። ከስዊድንም ሱረት የሚጠቀሙ እናቶች ሞቶ የሚወለድ ልጅ የሚገጥማቸው ከማይጠቀሙት ይልቅ መሆኑ ተጽፏል። 105 ግራም ለጠገበች እናት ልጅ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ እናቲቱ ራስዋ ቀጥና በምትወልደው ልጅ ላይ ግን ትንሽ አይደለም። ቅጠሉ ረኃብን ያስታግሣል፣ ማቅለሽለሽንም ይከለክላል ሲሉ የሰማኋቸው እናቶች አሉ። እውነት ነው፣ ኒኮቲን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ለነፍሰ ጡር ይህ ራሱ ሁለተኛ ጉዳት ነው።

ለእኛ ለካህናትና ለዲያቆናት የሚከብደው እንዴት እንደምንጠይቅ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን፣ የሚያጨሰውን ከንፈሩን ያስቆርጡ እንደ ነበር በዘመናቸው የመጡ ተጓዦች ጽፈዋል። ዛሬ ማንም አፍንጫ አይቈርጥም፤ ነገር ግን በጉባኤ መካከል ተነሥተን ትንባሆ የያዘችውን ስንዘልፍ ያችው ሴት መደበቅን ትማራለች። ሽታ የሌለው፣ በመዳፍ የሚሸሸግ ዕቃ ደግሞ ለመደበቅ የተመቸ ነው። የንስሐ አባትዋ እንኳ አያውቅባትም። ትንባሆን ቤተ ክርስቲያን አትፈቅድም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ እርስዋም ታውቃለች። ማወቋ ግን እስካሁን አላስጣላትም።

ይልቅስ አባቶች በእጃችሁ ያለውን መንገድ ተመልከቱ። ነፍሰ ጡር ሴት ስለ ጾም ልትጠይቃችሁ ትመጣለች፤ እናንተም ስለ ፅንሱ ስትሉ ታቀልሉላታላችሁ። እናት የምትቀምሰው ወደ ልጇ እንደሚደርስ ቤተ ክርስቲያን ከላቦራቶሪ አልተማረችውም፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 13 የማኑሄ ሚስት ሶምሶንን ከመፅነሷ በፊት ከወይን ጠጅና ከሚያሰክር መጠጥ እንድትጠበቅ በመልአክ ታዝዛለች። እንግዲህ ስለ ጾሙ በምትጠይቃችሁ በዚያው ሰዓት፣ ለብቻዋ፣ «ልጄ፣ ትንባሆስ በማናቸውም መንገድ ትወስጃለሽ? ታኝኪያለሽ? ሱረትስ? በቤትሽ የሚያጨስ አለ?» ብላችሁ ጠይቋት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሁሉ ገና በመጀመሪያው ክትትልና ከዚያም በየክትትሉ ስለ ትንባሆ እንድትጠየቅ ያዛል፤ ወደ ጤና ጣቢያ ያልሄደችውን መጀመሪያ የምታገኟት ግን እናንተ ናችሁ። አማርኛ የማትሰማ ከሆነች አስተርጓሚው የፀማይን ቋንቋ የምታውቅ ሴት ትሁን። ባሏም ሆነ የባሏ ወንድም አይሁን፤ በእነርሱ ፊት እውነቱን አትናገርምና።

ከወሊድ በኋላም አትርሷት። ለእርግዝናው ሲሉ የተዉ ብዙ እናቶች ከወለዱ በኋላ ይመለሱበታል፤ ኒኮቲን ደግሞ በጡት ወተት ያልፋል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ለክርስትና ሲመጡ እናቲቱን ደግማችሁ ለመጠየቅ ከዚያ የተሻለ ቀን አታገኙም። ደስ ብሏት የመጣችበት ቀን ነው።

ሰበካ ጉባኤያት ደግሞ ሁለት ነገር አድርጉልኝ። በየአጥቢያው ከልጅ አገረዶች ሳይሆን ከወለዱ እናቶች ሁለት ምረጡ፤ የምትተወዋን ሴት በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያም በየሰንበቱ ይጎብኟት፣ ወደ ክትትሉም አብረዋት ይሂዱ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋንም ከእነዚህ እናቶች ጋር አስተዋውቋት። በየሩብ ዓመቱ ወደ ኮሚሽኑ በምትልኩት ሪፖርት ስንት እናቶች እንደ ተጠየቁ፣ ስንቱ ቅጠል፣ ስንቱ ሲጋራ፣ ስንቱ ኤሌክትሮኒክ እንደሚጠቀሙ፣ ስንቱም እንደ ተዉ በቁጥር ብቻ ይግባ። ስም አይጻፍ፤ ቅጹም በሆቴሉ ወይም በሱቁ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ። ቅጹን ከመሄዳችሁ በፊት ከእኔ ውሰዱ፤ ለየአጥቢያው አምስት አምስት ቅጂ ተዘጋጅቷል።