«ሲስተም የለም» ስንል

አዘጋጆቹ «ስለ ቴክኖሎጂ አንድ ነገር በለን» ሲሉኝ፣ ከአዲሱ ይልቅ ስለ አሮጌው ብናወራ ይሻላል ብዬ ነው የመጣሁት፤ ስለሚንቀረፈፈው ኮምፒውተራችን።

እንደምታውቁት ሥራዬ ጥገና ነው። እዚሁ አሶሳ አንድ መሥሪያ ቤት ፕሪንተር ልሠራ ገብቼ፣ አጠገቡ ያለው ኮምፒውተር እስኪነሳ 7 ደቂቃ ቆጠርኩ። ሠራተኛዋ ቁልፉን ተጭና ቡና ልትጠጣ ወጣች። ስትመለስ «አያስቸግርሽም?» ብላት፣ «ምን ያስቸግራል? እንዲህ ነው የሚሠራው» አለችኝ። አልፈርድባትም። ኮምፒውተር በአንድ ቀን አይዘገይም። አቧራ ማራገቢያውን ይዘጋዋል፤ ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ ሃርድ ዲስኩ ይጎዳል፤ የጫንነው ፕሮግራም ሁሉ ማሽኑ ሲከፈት አብሬ ካልተነሳሁ ይላል። በየወሩ የሚጨመረው ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ማን ይቆጥረዋል?

እ.ኤ.አ. በ1968 የአይቢኤሙ ሮበርት ሚለር፣ ሰው ከማሽን መልስ ሲጠብቅ ከ2 ሰከንድ በላይ ከቆየ በብዙ ሥራ ላይ ሐሳቡ ይበታተናል ብሎ ጽፎ ነበር። እኛ 7 ደቂቃ ስንጠብቅ ሐሳባችን ቡና ቤት ደርሷል!

እኛስ ለመድነው። ከመስኮቱ ወዲያ የቆሙት ግን አልለመዱትም። ከኩርሙክ ወይም ከመንጌ በጠዋት ተሳፍረው የመጡ አባት «ሲስተም የለም፣ ነገ ይምጡ» ሲባሉ መመለሻ መኪና ያመልጣቸዋል፤ አልጋ ይይዛሉ፣ ራት ይገዛሉ። ሁሉም ከኪሳቸው ነው። ሲስተሙ እኮ ብዙ ጊዜ አለ! የደከመው ዲስኩ ነው። ብልሽት ነው ያላልነውን ነገር ደግሞ ማንም በግዢ ጥያቄ ላይ አይጽፈውም።

የዚያን መሥሪያ ቤት ኃላፊ አሳምነን ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀየርነው። ወጪው ከአዲስ ኮምፒውተር ዋጋ ጋር አይገናኝም። በማግስቱ ሠራተኛዋ ቁልፉን ተጭና እንደ ልማዷ ብድግ አለች፤ በሩ ጋ ሳትደርስ ተከፈተ። «ሌላ ኮምፒውተር አመጣችሁብኝ እንዴ?» አለች።

ብዙዎቻችሁ ዛሬ የምትፈርሙ ሰዎች ናችሁ። ሰኞ ቢሮ ስትገቡ ስልካችሁን አውጡና፣ ቁልፉ ከተነካበት የመጀመሪያው ፋይል እስኪከፈት ያለውን ደቂቃ ያዙ። ቁጥሩን በግዢ ጥያቄው ላይ ጻፉት። ላፕቶፕ ያመጣችሁ ካላችሁ ደግሞ ከምሳ በኋላ ካቻቢቴዬን ይዤ እዚሁ አለሁ፤ አቧራውን እናራግፍለታለን።