የነዳጅ ሴል ኤሌክትሮድና የፎገራ ሩዝ ገለፈት



ዛሬ የምናገረው በከፍተኛ ሙቀት ስለሚሠራው የነዳጅ ሴል ኤሌክትሮድ ነው። ርእሱ ከወረታ የራቀ ይመስላል፤ ይሁንና ከሩዝ መፈልፈያዎቻችን ደጃፍ የሚከመረው ገለፈት ወደ ጉዳዩ ያስገባናል።

የሴሉ እምብርት ይትሪያ የተቀላቀለበት ዚርኮኒያ የተባለ ሴራሚክ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ዋልተር ኔርንስት ለመብራት የተጠቀመው ይህንኑ የቁስ ዓይነት ነበር። ሴራሚኩ ከ600 እስከ 1000 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲግል የኦክስጅን አዮኖችን ያሳልፋል። አዮኖቹ ከካቶድ ተነሥተው አኖድ ሲደርሱ ከነዳጁ ጋር ይዋሐዳሉ፤ የተለቀቁት ኤሌክትሮኖችም በውጭ ሽቦ ዞረው የኤሌክትሪክ ኃይል ይሰጣሉ።

የተለመደው አኖድ ከኒኬልና ከዚርኮኒያ የተሠራ፣ ቀዳዳ የበዛበት አካል ነው። ኒኬሉ ኤሌክትሮን፣ ዚርኮኒያው አዮን፣ ቀዳዳው ጋዝ ያመላልሳል። ምላሹ በዋናነት የሚካሄደው ሦስቱ በሚገናኙበት ድንበር ነው። ቅንጣቶቹ ሲደቁ ድንበሩ ይረዝማል፤ ነገር ግን የደቀቀ ኒኬል በሙቀት ብዛት እርስ በርሱ ተያይዞ ይገዝፋል፤ የጠበበ ቀዳዳም የጋዙን ፍሰት ያውካል። ስለዚህ ከኤሌክትሮላይቱ አጠገብ ደቃቅ፣ ከዚያ ወዲያ ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው ድርብርብ አኖድ ይመረጣል።

አሁን ወደ ገለፈቱ እንመለስ። ከነገለፈቱ ከሚመዘነው ሩዝ አንድ አምስተኛ ያህሉ ገለፈት ነው። አየር አጥሮት ሲግል ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያለበት ጋዝ ይወጣዋል፤ ሴላችን ሁለቱንም በነዳጅነት ይጠቀማል። ነገር ግን ከጋዙ ጋር ሬንጅ፣ ድኝና የአመድ ብናኝ ይመጣሉ። ሬንጁ በኒኬሉ ላይ ካርቦን ይጥላል። ድኝ ከሚሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ ቢሆንም የኒኬሉን ምላሽ ያዳክማል። የገለፈት አመድ በአብዛኛው ሲሊካ ነው፤ ሲሊካም በአኖዱ ላይ ካረፈ የምላሹን ስፍራ ይሸፍናል።

ሴሪያ የተጨመረበት አኖድ የካርቦንን ክምችት በተሻለ ይቋቋማል፤ ሲሊካውን ግን አስቀድሞ ማጣራት ግድ ነው። ኤሌክትሮዱና ማጣሪያው አብረው ሊነደፉ ይገባል የምለው ስለዚህ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፤ በንጹሕ ሃይድሮጅን የመጀመሪያ ሰዓት በተገኘ ኃይል ብቻ አኖድን አታወድሱ። በንጹሕ ጋዝ መነሻውን ለኩ፤ ቆሻሻዎቹን አንድ በአንድ ጨምሩ፤ ኃይሉ በስንት ሰዓት ስንት እንደቀነሰ መዝግቡ፤ በመጨረሻም አኖዱን ቆርጣችሁ በማይክሮስኮፕ መርምሩ። ለገበሬያችን የሚጠቅመው በእርሱ ገለፈት ጋዝ ሳይዳከም የሚቆየው ኤሌክትሮድ ነው።