ወንዝ ገመድን እንዴት እንደሚገፋ
(ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ስለ ገመድ ልናገር በመነሣቴ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንዳላችሁ አያለሁ። ነገር ግን የጓሳ ሣር ገምዶ ገመድ የሚያበጀው የመንዝ ገበሬና፣ በመርከብ ኋላ የመለኪያ መሣሪያ በሽቦ ገመድ የሚያስጎትት መሐንዲስ፣ ሁለቱም የሚታገሉት ከአንድ ሕግ ጋር ነው። ገመዱ በቆመ ውሃ ውስጥ ቢጎተት፣ ወይም ገመዱ ታስሮ ውሃው ቢያልፍበት፣ የሚደርስበት ግፊት ያው ነው።

ወንጪትን በክረምት አስቡት። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ ከዳር እስከ ዳር 30 ሜትር ተዘርግቶ ውሃው ውስጥ ገባ እንበል። ውሃው በሴኮንድ 1 ሜትር ቢሄድ፣ በያንዳንዱ ሜትር ገመድ ላይ የሚያርፈው ግፊት የ1 ኪሎ ክብደት ያኽል ነው፤ ማንም አይፈራውም። ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ግን ግፊቱ ዘጠኝ እጥፍ ሁኖ 11 ኪሎ ይደርሳል፤ በጠቅላላው 330 ኪሎ መሆኑ ነው። በዚህም ላይ ገመዱ በሴኮንድ 30 ጊዜ ያኽል እንደ በገና ጅማት ይርገበገባል፤ ይኸም ግፊቱን ያብሰዋል፣ ቋጠሮውንም ይበላዋል።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ገመድ በተወጠረ ቁጥር የጸና ይመስለናል። ገመዱ መካከሉ ላይ 3 ሜትር ያኽል ወደ ታች እንዲጎብጥ ቢለቀቅ፣ በግንዱ ላይ የሚያርፈው ጉተታ 450 ኪሎ ገደማ ነው፤ ተወጥሮ 1 ሜትር ብቻ ቢጎብጥ ግን ከ1200 ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ ከተወጠረው ረገብ ያለው ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው ከውሃው በላይ ከፍ አድርጎ ማሰር ነው፤ ይኸ ካልተቻለ በሰያፍ ማሰር ነው። ከውሃው አካሄድ ጋር 30 ዲግሪ ሁኖ የታሰረ ገመድ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆንም፣ በያንዳንዱ ሜትር የሚደርስበት ግፊት ወደ ሩብ ስለሚወርድ ጠቅላላው በግማሽ ይቀንሳል።

ነገሩ በሻጋሪው ብቻ አያበቃም፤ የድልድይ ጉዳይም አለበት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1958 እስከ 1964 ኢትዮጵያና አሜሪካ በኅብረት ያካሄዱት የዐባይ ተፋሰስ ጥናት አንዱ ሥራ ወንዞችን መለካት ነበር። ጀማም ወንጪትን ተቀብሎ የሚገባው ወደ ዐባይ ነው። ጎርፍ ሲለካ፣ ዓሣ የሚመስል የእርሳስ ክብደት ከፍጥነት መለኪያው ጋር በቀጭን ሽቦ ከድልድይ ላይ ይወርዳል፤ ጎርፉም ሽቦውን ገፍቶ ከቱምቢው መስመር ያርቀዋል። ድልድዩ ከውሃው 10 ሜትር ከፍ ቢልና ሽቦው 30 ዲግሪ ቢያዘነብል፣ ከውሃ በላይ ያለው ክፍል ብቻውን 1 ሜትር ተኩል ያኽል ይረዝማል። በውሃው ውስጥ ያለው ክፍል ወደ ታች ሲወርድ እየቀና ስለሚሄድ፣ የርሱ ስሕተት ከመቶ 5 ገደማ ነው። ይኸን ያላረመ ለካሚ የ4 ሜትሩን ጎርፍ ከ5 ሜትር ተኩል በላይ ብሎ ይመዘግባል። በዚህ ቍጥር የሚነደፈው ድልድይ ከሚያስፈልገው በላይ ረጅምና ውድ ይሆናል፤ ገንዘቡም አልበቃ ብሎ ድልድዩ ሲቀር፣ የመርሐ ቤቴ ሰው ወንዙ እስኪጎድል ዳር ላይ ይቀመጣል።

ስሌቱን በሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ፤ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።